መዥገር ነቀላ፦ ከእረኛ ጣት እስከ ወረንጦ

ሰው ከብትና ውሻ ካላመደበት ዘመን ጀምሮ መዥገር ሲነቅል ኖሯል። ሥራው ለምን እንደሚያስቸግር የሚገባው ተባዩ ቆዳ ላይ የሚጸናበትን መንገድ ላወቀ ሰው ነው። መዥገር ወግቶና መጥጦ ወዲያው የሚሄድ ፍጡር አይደለም። በሁለት ስለታም መቁረጫዎች ቆዳውን ይሰነጥቅና፣ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበትን የአፉን ዘንግ በስንጥቁ ያስገባል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ይህ ሳይበቃቸው ከምራቃቸው እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ ማጣበቂያ በዙሪያው ያፈሳሉ። በዚያው ምራቅ ውስጥ ሕመም የሚያደነዝዙ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከለክሉና የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች አሉ። በዚህ የተነሣ መዥገሩ፣ የተነከሰው ሰው ወይም እንስሳ ሳይሰማው፣ ለቀናት ደም ሲመጥ ይቆያል፤ ሴቷ ጠግባ በምትወድቅበት ጊዜ ክብደቷ ከመነሻው ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

ነቀላ ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ሲያስነሣ ኖሯል፤ እንዴት ይነቀል? መቼስ ይነቀል? የጥንት ሰዎች ያሰቡበት ስለ መጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው ክብደት ያገኘው መዥገር በሽታ እንደሚያስተላልፍ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ማለትም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መዥገር ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች መካከል የግሪኮችና የሮማውያን ይገኙበታል። በሆሜር «ኦዲሴ» ውስጥ ጌታው ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመለስ የሚያገኘው አርጎስ የተባለው አሮጌ ውሻ፣ በተባይ ተወርሮ በፍግ ክምር ላይ ተኝቷል። ጠያቂ ያጣ ውሻ የሚታወቀው በዚህ ነበር። አርስቶትል መዥገር ከሣር እንደሚፈጠር ጽፏል። ድምዳሜው ስሕተት ነው፤ ያየው ነገር ግን እውነት ነበር። የተራበ መዥገር ሣር ላይ ወጥቶ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ የሚያልፍ እንስሳ ይጠብቃልና። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዥገርን ሲገልጽ ራሱን ደም ውስጥ ቀብሮ የሚኖር፣ ለበላው ምግብ መውጫ የሌለው፣ በመጨረሻም በጥጋብ ፈንድቶ የሚሞት ፍጡር አድርጎታል። ፕሊኒ ያላየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጠግባ የወደቀችው ሴት መዥገር ከመሞቷ በፊት አፈር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሎቹም ተፈልፍለው ወደዚያው ሣር ይወጣሉ።

የሮም ገበሬዎች ከፈላስፋዎቹ ይልቅ ወደ ተግባሩ የቀረቡ ነበሩ። ካቶ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ፣ በጎች ከተሸለቱ በኋላ የወይራ ዘይት አተላ፣ ግብጦ የተቀቀለበት ውሃና የጥሩ ወይን ጠጅ አተላ እኩል ተደባልቆ እንዲቀቡ ይመክራል። በጎቹ ይህን ተቀብተው ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩና በባሕር ውሃ ወይም በጨው ውሃ ይታጠባሉ። እንዲህ ከተደረገ እከክ እንደማይዛቸው፣ ጠጉራቸው እንደሚበዛና መዥገርም እንደማያስቸግራቸው ይናገራል። ቫሮ በበኩሉ ለውሾች የተፈጨ ለውዝ በውሃ ተበጥብጦ በጆሯቸውና በእግር ጣቶቻቸው መካከል እንዲቀባ ጽፏል፤ ካልተቀቡ ዝንብ፣ መዥገርና ቁንጫ እነዚህን ቦታዎች እንደሚያቆስሉ አስተውሏልና። ቫሮ የጠቀሳቸው ቦታዎች ዛሬም የእንስሳት ሐኪም ውሻ ላይ መዥገር ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚያያቸው ናቸው።

በዐረብ ምድር የነቀላው ጉዳይ እስከ ሃይማኖት ሕግ ድረስ ገብቷል። ለሐጅ ኢሕራም ወደሚባለው የቅድስና ሁኔታ የገባ ሰው ነፍስ ያለውን ነገር ከመግደል ይቆጠባል፤ ታዲያ የሚጋልበው ግመል መዥገር ቢወረው ምን ያድርግ? በኢማም ማሊክ «ሙወጣእ» ውስጥ እንደተመዘገበው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ሱቅያ በተባለ ስፍራ ኢሕራም ላይ ሳሉ ከግመላቸው መዥገር ሲነቅሉ ታይተዋል። ልጃቸው አብደላህ ግን ይህን ይጠሉ ነበር፤ ማሊክም ወደ ልጁ አስተያየት አዘንብለዋል። ክርክሩ ለግመል አርቢ ሕዝብ መዥገር ነቀላ የዕለት ተዕለት ሥራ እንደነበረ ያስረዳል፤ ለጥቂት ቀናት እንኳ መተው አስቸጋሪ ባይሆን ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

በኢትዮጵያም ሥራው የእረኛና የአላቢ ነው። ላም ስትታለብ ወይም ጥጃ ሲታሰር ግቷ፣ ብሽሽቱ፣ ጆሮው፣ ከጅራቱ ሥር ያለው ቦታ ይዳበሳል። የተገኘው መዥገር በጣት ተነቅሎ እሳት ውስጥ ይጣላል ወይም በድንጋይ ይጨፈለቃል። ከነቀላው ጎን ቅጠላ ቅጠል ነበር፤ አሁንም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ የድግጣ ቅጠል ተጨቅጭቆ ለቅማልና ለመዥገር ይቀባል። ተመራማሪዎች የዚህን ቅጠል ጭማቂ በመዥገሮች ላይ ሞክረው እንቅስቃሴያቸውን እንደሚያዳክም አረጋግጠዋል። ላምባ መቀባትም የተለመደ ነው፤ ይህኛው ግን የእንስሳውንም ቆዳ ይጎዳል።

የኢትዮጵያ እረኛ በእጅ መንቀል የሚከብደው ስንፍና ስላለበት አይደለም። በአገሪቱ ከብት ላይ በብዛት ከሚገኙት መዥገሮች አንዱ አምብሊዮማ ቫሪየጋቱም የተባለው፣ ወንዱ ጀርባው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ዝርያ ነው። የዚህ መዥገር የአፍ ዘንግ ረጅም ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፤ ሲነቀልም ቁስል ይተዋል። ቁስሉም መግል ይይዛል፤ ግት ላይ ከሆነ ላሚቱ አንዱ ጡቷ ሊጠፋ ይችላል። ልብ ውሃ የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ የሚያስተላልፈውም ይኸው ዝርያ ነው። ጠባሳው ከእንስሳው ሞት በኋላም አይጠፋም፤ ቆዳው ተፍቆና ለፍቶ ጫማ ወይም ጃኬት ሊሆን ሲል ነጥቡ ወጥቶ ይታያል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ፒየር ክሎድ ሞሬል ስለ ኢትዮጵያ መዥገሮች ያደረጉት ሰፊ ጥናት በ1980 ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የተሠሩ በርካታ ጥናቶች በዚያ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

መዥገርን ከሚያስጠላ ተባይ ወደ በሽታ አስተላላፊነት ደረጃ ያሸጋገረው ታሪክ የተሠራው በአሜሪካ ነው። ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ የቴክሳስ ነጋዴዎች ረጃጅም ቀንድ ያላቸውን ከብቶቻቸውን ወደ ሰሜን ገበያዎች ይነዱ ነበር። የሚነዱት ከብቶች ጤነኞች ነበሩ። ባለፉበት የግጦሽ መሬት ላይ የተሰማሩት የሰሜን ላሞች ግን ከአንድ ወር በኋላ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ ሽንታቸው ይቀላል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በ1868 በኢሊኖይ የደረሰው እልቂት ከባድ ነበር። የሚዙሪ ገበሬዎች የደቡብ ከብት እንዳያልፍ መሣሪያ ታጥቀው መንገድ ይዘጉ ነበር። የደቡብ አርቢዎች በበኩላቸው ጤነኛ ከብት እንዴት በሽታ ያመጣል እያሉ ይከራከራሉ። አንዳንድ ከብት ነጂዎችና አርቢዎች ጥፋቱ የመዥገሩ ነው ቢሉም፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ሐሳቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

በ1884 የተቋቋመው የአሜሪካ የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮ ጥያቄውን ለቴዎባልድ ስሚዝ፣ ለፍሬድ ኪልቦርንና ለኩፐር ከርቲስ ሰጠ። በ1889 በጋ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የሙከራ ጣቢያ የተጀመረው ምርምር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ መዥገር ነቀላ ዋና መሣሪያ የሆነበት ነው። ከሰሜን ካሮላይና መዥገር ያለባቸው ከብቶች መጡ። አንደኛው ቡድን እንዳለ ከሰሜን ከብቶች ጋር በታጠረ መስክ ተሰማራ። የሁለተኛው ቡድን መዥገር ግን አንድ በአንድ በእጅ ተለቅሞ ከሌሎች የሰሜን ከብቶች ጋር በሌላ መስክ ዋለ። ልቅሚያው በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ጥቃቅኖቹ ለዓይን ስለማይታዩ፣ እያደጉ ሲመጡ ደጋግሞ መፈለግና መንቀል ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው መስክ የነበሩት የሰሜን ከብቶች ታመሙ፣ ሞቱም። መዥገሩ በተነቀለበት መስክ የነበሩት ጤነኞች ሆነው ቀሩ። በሦስተኛ መስክ ላይ ከብት ሳይገባ መዥገር ብቻ ተበተነ፤ በዚያ የተሰማሩት የሰሜን ከብቶችም ታመሙ።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ እንቁላል በቤተ ሙከራ አስፈልፍለው ጫጩቶቹን ጤነኛ ከብት ላይ አደረጉ፤ በሽታው መጣ። ማለትም እናቲቱ በሽታውን በእንቁላሏ በኩል ለልጆቿ ታወርሳለች። ስሚዝ በታመሙት ከብቶች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያኑን በአጉሊ መነጽር አዩ፤ ዛሬ ባቤዢያ የሚባለው ነው። ውጤቱ በ1893 ታተመ። ደም መጣጭ ተባይ በሽታን ከእንስሳ ወደ እንስሳ እንደሚያስተላልፍ በሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በዚህ ሥራ ነው። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ውስጥ ያገኙት ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። በዚህ ታሪክ የስሚዝ ስም ጎልቶ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም የሙከራው ክብደት ያረፈው ቀን በቀን ከብት እየዳበሱ መዥገር በለቀሙት እጆች ላይ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። አንዲት ሴት መዥገር ተረስታ ብትቀር ኖሮ መስኩ ይበከል፣ ውጤቱም ይበላሽ ነበር።

አንድ መንጋ በእጅ ይለቀማል፤ የአገር ከብት ግን በእጅ አይለቀምም። ስለዚህ የሚቀጥለው ምዕራፍ የመንከሪያ ገንዳ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድና በሌሎችም ቦታዎች ከብቶች እየዋኙ የሚያልፉበት ረጅምና ጥልቅ ገንዳ መሠራት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በገንዳው ውሃ የሚጨመረው ዋና መርዝ አርሴኒክ ሆነ። አሜሪካ በ1906 የከብት መዥገርን ከደቡብ ግዛቶች ለማጥፋት በጀመረችው ዘመቻ ከብቶች በየ14 ቀኑ እንዲነከሩ ታዘዘ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ይህ የከብት መዥገር ከጫጩትነት እስከ ጥጋብ ድረስ በአንድ እንስሳ ላይ የሚቆየው ወደ ሦስት ሳምንት ስለሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚነከር ከብት ላይ አንዲትም ሴት መዥገር ጠግባ ለመውደቅ ጊዜ አታገኝም። ትእዛዙ ግን በድሃ ገበሬዎች ላይ ከባድ ጫና ነበር። ጥቂት ላም ያለው ሰው ሥራውን ጥሎ ረጅም መንገድ መንዳት ነበረበት፤ በአንዳንድ አውራጃዎች ገንዳዎች በድማሚት እስከ መፍረስ ደርሰዋል። በ1943 ዘመቻው በአብዛኛው ተጠናቀቀ። በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ግን እስከ ዛሬ በፈረስ እየተዘዋወሩ ከብት የሚፈትሹ ጠባቂዎች አሉ፤ ፍተሻውም ከብቱን በእጅ መዳበስ ነው።

በደቡባዊ አፍሪካ የተከሰተው የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት ከዚህ የተለየ ችግር አመጣ። በሽታው በ1902 ገደማ ከምሥራቅ አፍሪካ በመጡ ከብቶች ገብቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችን ፈጀ። ቻርልስ ላውንስበሪ አስተላላፊው ከብት ጆሮ ውስጥ የሚሰፍረው ቡናማ መዥገር መሆኑን አሳዩ። ይህ መዥገር በእያንዳንዱ የዕድገት ደረጃው በሌላ እንስሳ ላይ ይወጣል፤ በአንዱ ላይ የሚቆየውም ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የ14 ቀን ነከራ አያገኘውም። በናታል ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ በሦስትና በአምስት ቀን ልዩነት የሚደረግ ነከራ ያስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። አርሴኒክ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ መዥገሮቹ ተላመዱት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲና ሌሎች መድኃኒቶች ተከተሉ፤ እነሱም አንድ በአንድ ተለመዱ። መድኃኒት በተለዋወጠ ቁጥር መዥገር የማይላመደው አንድ ነገር በእጅ መነቀል ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በሰው ላይ ያለው ታሪክ ከዚህ ጎን ለጎን ተጉዟል። ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1857 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ በደቡባዊ አፍሪካ ቤቶች ውስጥ ስለሚኖር መዥገርና ንክሻው ስለሚያስከትለው ሕመም ጽፈዋል። በ1905 ጆሴፍ ዳተንና ጆን ቶድ በኮንጎ፣ ሮበርት ኮክም በምሥራቅ አፍሪካ፣ ይህ መዥገር አገርሺ ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ አረጋገጡ። ዳተን በዚያው ዓመት ሲያጠኑት በነበረው በሽታ ሞቱ። ይህ ዓይነቱ ለስላሳ መዥገር በሌሊት ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጠግቦ ወደ ግድግዳ ስንጥቅ ስለሚመለስ ለነቀላ አይመችም፤ መከላከያው ወለሉንና ግድግዳውን ማጽዳት ነው።

ለነቀላ ታሪክ የበለጠ የሚቀርበው በሞንታና ግዛት የቢተርሩት ሸለቆ ነው። በዚያ በየፀደዩ ሽፍታ የሚያመጣ ትኩሳት ይነሣል፤ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ሰዎች የሚቀልጠውን በረዶ ውሃ ሲወቅሱ ቆዩ። በ1906 ሃዋርድ ሪኬትስ በጊኒ ፒጎች ላይ ባደረጉት ሙከራ በሽታውን የእንጨት መዥገር እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። እሳቸውም በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ ታይፈስ ሲያጠኑ በዚያው በሽታ ሞተዋል። በ1920ዎቹ በሸለቆው ይሠሩ የነበሩት ሮስኮ ስፔንሰርና ራልፍ ፓርከር አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። ባልበላ መዥገር ውስጥ ያለው ተሕዋስ ደካማ ነው፤ በሽታ ለማምጣት የሚበቃው መዥገሩ ለሰዓታት ደም ከመጠጠ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ ነቀላ የጽዳት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕክምና ጉዳይ ሆነ። ቶሎ የተነቀለ መዥገር በሽታውን ሳያስተላልፍ ሊወጣ ይችላልና፣ በጫካ የሚውል ሰው ገላውን በቀን ደጋግሞ እንዲፈትሽ ይመከር ጀመር።

መንቀል ራሱ ሕክምና የሚሆንበትም ሁኔታ አለ። በ1912 ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የወጡ የሐኪሞች ጽሑፎች፣ እግራቸው ድንገት የሰነፈባቸውና ሽባነቱ ወደ ላይ እየወጣ የሄደባቸው ልጆች፣ ከፀጉራቸው ሥር መዥገር ተገኝቶ ሲነቀል በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ እንደዳኑ ዘገቡ። ምክንያቱ ተሕዋስ ሳይሆን በምራቁ ውስጥ ያለ መርዝ ነው። በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው የሽባነት መዥገር ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ከተነቀለም በኋላ ሕመሙ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። በዚያ ብዙ ውሾች በየዓመቱ ይያዛሉ፤ መርዙን የሚያረክስ መድኃኒትም ተሠርቶላቸዋል።

የውሻን መዥገር አደገኛነት ላውንስበሪ በ1901 በደቡብ አፍሪካ አሳይተው ነበር፤ ውሾችን በደም ማነስና በቢጫ በሽታ የሚገድለውን ባቤዢያ የሚያስተላልፈው የውሻ መዥገር እንደሆነ አረጋገጡ። ለባለቤቱ የበለጠ የሚያሳስበው የቱኒስ ግኝት ነው። በ1910 በዚያች ከተማ የተገለጸው የሜዲትራንያን ሽፍታ ትኩሳት፣ በውሻና በቤት ውስጥ በሚኖረው ቡናማ የውሻ መዥገር አማካይነት እንደሚተላለፍ በ1930 ተረጋገጠ። ከውሻ ላይ መዥገር ነቅሎ በጥፍር መጨፍለቅ፣ ከዚያም ዓይን ማሸት፣ ራሱን የቻለ የመያዣ መንገድ ነው። በክራይሚያ በ1944 የታወቀው፣ በኋላም በኮንጎ ከተገኘው ቫይረስ ጋር አንድ መሆኑ የተረጋገጠው የክራይሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳትም መዥገር በእጅ በሚጨፈልቁ ከብት አርቢዎች ላይ ይታያል። ጥንታዊው ልማድ መንቀሉን በትክክል ሲያስተምር፣ መጨፍለቁን ግን በስሕተት አስተምሯል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች የተስፋፋው ሌላ ስሕተት ነበር። ሲነቀል የመዥገሩ ራስ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል የሚለው ፍርሃት ሰዎችን ከመሳብ አራቃቸው። በፈንታው መዥገሩ ራሱ እንዲለቅ ማስገደድ ተለመደ። የተለኮሰና ገና ያልበረደ ክብሪት ጀርባው ላይ ማድረግ፣ ቫዝሊን ወይም ቅቤ ቀብቶ ማፈን፣ የጥፍር ቀለም መቀባት፣ አልኮል ማፍሰስ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ ማውጣት ከእነዚህ ይገኙበታል። ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ በስካውት መጻሕፍትና በሐኪሞች አፍ ሳይቀር ይሰሙ ነበር።

በ1985 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ግሌን ኒድሃም ጉዳዩን በሙከራ ፈተሹት። ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለም፣ አልኮል፣ የጋለ ክብሪትና ወረንጦ ተወዳደሩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ መዥገሩን ማስለቀቅ አልቻሉም። መዥገር የሚተነፍሰው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ በቫዝሊን ቶሎ አይታፈንም፤ ማጣበቂያው ስለደረቀም ቢፈልግ እንኳ በቀላሉ አይላቀቅም። እሳት ደግሞ የሰውን ቆዳ ያቃጥላል፤ መዥገሩን ሊያፈነዳውና ተሕዋስ ያለበትን ፈሳሽ ሊረጭ ይችላል። ያዋጣው ወረንጦ ብቻ ነበር፤ መዥገሩን ከቆዳው አጠገብ ይዞ፣ ሳይነጥቁ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። የአፉ ክፍል ተሰብሮ ቢቀርም ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይገፋዋል፤ እሱን ለማውጣት ቆዳውን መቆፈር ግን የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ሙከራው በወቅቱ የመጣ ነበር። በ1975 በኮነቲከት ግዛት በላይም ከተማና አካባቢዋ ብዙ ልጆች በመገጣጠሚያ ሕመም መያዛቸውን እናቶች ለጤና ባለሥልጣናት ካሳወቁ በኋላ፣ የበሽታው ምንጭ ሲፈለግ ቆይቶ ነበር። በ1981 ዊሊ በርግዶርፈር ከኒው ዮርክ በመጡ መዥገሮች ሆድ ውስጥ ጠመዝማዛውን ባክቴሪያ አገኙ። በርግዶርፈር ይሠሩበት የነበረው ቤተ ሙከራ ያ የቢተርሩት ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሆኖ የተቋቋመው የሃሚልተን ተቋም መሆኑ፣ ሸለቆው ስለ መዥገር ለዓለም ያበረከተውን ዕውቀት ያሳያል። በ1987 ጆሴፍ ፒስማንና ባልደረቦቻቸው የስፔንሰርና የፓርከርን ጥያቄ ለላይም በሽታ አነሡ፤ መዥገሩ ስንት ጊዜ ቢቆይ ያስተላልፋል? ለ24 ሰዓት ከተነከሱት 14 እንስሳት የተያዘው 1 ብቻ ነበር። በ48 ሰዓት 5 ተያዙ፤ በ72 ሰዓትና ከዚያ በላይ 13። ይህ ቁጥር ክብሪትና ቫዝሊን ለምን እንደሚጎዱ ከምንም በላይ ግልጽ አደረገ። መዥገሩ ይለቅ እንደሆነ እየተጠበቀ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ለባክቴሪያው የተሰጠ ሰዓት ነው። ሁሉም በሽታ እንዲህ አይዘገይም፤ ፖዋሳን የተባለው ቫይረስ በሙከራ እንስሳት ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተላልፏል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ ከወረንጦው ሌላ ስንጥቅ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ መንጠቆ ይሸጣል። መዥገሩ በስንጥቁ ገብቶ ቀስ ብሎ እየዞረ ይወጣል፤ በተለይ ፀጉር ላላቸው እንስሳት ይመቻል። በአውስትራሊያ ግን የአለርጂ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ይመክራሉ። የዚያ አገር መዥገር ሲጨመቅ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ስለሚያስነሣ፣ መዥገሩን ቆዳው ላይ እንዳለ በሚያቀዘቅዝ ርጭት ገድሎ ራሱ እንዲወድቅ መተው ይሻላል ይላሉ። በመዥገር ንክሻ ምክንያት ቀይ ሥጋ የማይስማማቸው ሰዎች መኖራቸው በአውስትራሊያና በአሜሪካ የታወቀውም በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው። ለውሾችና ለድመቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠቡ፣ ከ2013 ወዲህም የሚዋጡ መድኃኒቶች መጥተዋል። እነዚህ ነቀላውን ቀነሱት እንጂ አላስቀሩትም። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ሊገድል ስለሚችል ለድመት መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ዛሬ በየአገሩ ጤና ተቋማት የሚሰጠው ምክር ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተጣራ ነው። ከሣርና ከቁጥቋጦ የተመለሰ ሰው ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጉልበቱን ጀርባ፣ ከጆሮው ኋላና የራሱን ፀጉር ይፈትሻል። ውሻ በጆሮው፣ በእግር ጣቶቹ መካከል፣ በአንገት ማሰሪያው ሥርና በጅራቱ ሥር ይዳበሳል። መዥገር ከተገኘ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ወረንጦ ከሌለ በጨርቅ ወይም በላስቲክ በተሸፈነ ጣት ይነቀላል፤ ቶሎ ማውጣት ወረንጦ ፍለጋ ከመዘግየት ይሻላልና። ቁስሉና እጁ በሳሙና ይታጠባሉ። መዥገሩ በአልኮል ውስጥ ይጣላል ወይም በታሸገ ነገር ይቀመጣል፤ በጥፍር አይጨፈለቅም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ግዛቶች የላይም በሽታ አለ፤ በዚያ ለሚኖሩ ወላጆች በጋ ላይ የልጆችን ገላ ማታ ማታ መፈተሽ አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያም ከከብት ላይ መዥገር የሚነቅል እረኛ በጨርቅ ይያዝ፤ ከነቀለ በኋላ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑንና አፉን አይንካ። መዥገር ከነከሰው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም የሚሰፋ ቀይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መዥገር እንደነከሰው መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገር።